የቢዝነስ አካውንታችሁ ፋፍሳ ላይ የት ይጻፍ? የግል ገንዘብ፣ ቢዝነስ ወይስ ጭራሽ አይጻፍም

30,000 ዶላር አስቡ። ትራክ የሚነዳ፣ ኡበር የሚሠራ ወይም ትንሽ ሱቅ ያለው አባት ቀስ በቀስ ያጠራቀመው ነው። ልጁ ኮሌጅ ልትገባ ነውና ፋፍሳ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ሊሞላ ተቀመጠ። ገንዘቡ በግል ቼኪንጉ ውስጥ ከሆነ አንድ ውጤት አለው። በቢዝነሱ ስም በተከፈተ አካውንት ውስጥ ከሆነ ሌላ ውጤት አለው። "ለትምህርቷ ይሁናት" ብሎ በልጅቷ ስም ሴቪንግ ከፍቶ ከትቶት ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ገንዘቡ ያው ነው፣ ቤተሰቡም ያው ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር ከምናውቃቸው ቤተሰቦች ጋር ተቀምጬ ቅጹን አብሬ እሞላለሁ። አካውንታንት አይደለሁም። የራሴን ሁለት ልጆች ፋፍሳ ስሞላ፣ ስሳሳትና ሳርም የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት ስህተት ሲሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዱ ይፈራል። "የመንግሥት ቅጽ ነው፣ ምንም እንዳይቀርብኝ" ይልና የቢዝነሱን አካውንት አንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ቢዝነስ ላይ ይጽፈዋል። ሁለት ጊዜ ተቆጠረበት። ሌላው "ይሄ የሥራ ነው" ብሎ የቤት ኪራዩ፣ አስቤዛውና የልጆቹ ጫማ የሚከፈልበትን አካውንት ጭራሽ ሳይጽፈው ይቀራል። የመጀመሪያው ልጁ ማግኘት የሚገባትን እርዳታ ያሳጣታል። ሁለተኛው ቤተሰቡን ችግር ውስጥ ይከታል።

መጀመሪያ የሀብት ጥያቄው እናንተን ይመለከት እንደሆነ እዩ

ስለ አካውንት ከመጨነቃችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ፋፍሳ የሁሉንም ሰው ሀብት አይቆጥርም። ሦስት በሮች አሉ፤ በአንዱ ካለፋችሁ ባንክ ያላችሁ ገንዘብ ስንትም ይሁን ስንት ከስሌቱ ይወጣል።

አንደኛው በር ገቢ ነው። ኤጂአይ የሚባለው፣ ማለትም የተፈቀዱ ቅናሾች ከተነሱለት በኋላ ያለው ገቢ፣ በ2024 የታክስ ቅጽ (ፎርም 1040) መስመር 11 ላይ ያለው የወላጆች ቁጥር፣ ከ60,000 ዶላር በታች መሆን አለበት፤ ታክሱም ቀላል መሆን አለበት። ቀላል ማለት ሸጁል ከሚባሉት ከታክሱ ጋር ከሚያያዙ ቅጾች ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ወይም ኤች የሌለበት ነው። የግል ሥራ ገቢ የሚጻፍበት ሸጁል ሲ ካለ ትርፉ ወይም ኪሳራው ከ10,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የኛ ሾፌሮች የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው። ዓመቱን ሙሉ ኡበር የነዳ ሰው ማይሉን ሁሉ ቀንሶም የተጣራ ትርፉ 18,000 ወይም 25,000 ይሆናል፤ እና የቤተሰቡ ገቢ በጠቅላላው 45,000 ብቻ ሆኖ ሳለ በዚህ በር አያልፍም። ደመወዝተኛው ጎረቤቱ 58,000 እያገኘ ያልፋል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ግን ሕጉ እንዲህ ነውና አውቆ መግባት ይሻላል።

ሁለተኛው በር የመንግሥት ድጋፍ ነው። ከቤተሰቡ ውስጥ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሜዲኬይድ፣ ፉድ ስታምፕ፣ ዊክ፣ ኤስኤስአይ፣ በትምህርት ቤት ነጻ ወይም ዋጋው የተቀነሰ ምሳ፣ ወይም በታክስ በኩል የሚመጣውን ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ያገኘ ሰው ካለ በዚህ ታልፋላችሁ። ጥያቄው ቅጹ ላይ አለ፣ ዝርዝሩንም ያሳያችኋል። ብዙ ሰው ግን በይሉኝታ ወይም በፍርሃት "የለም" ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። በአንደኛው በር ያላለፈው ያ ሾፌር፣ ልጆቹ ሜዲኬይድ ካላቸው፣ በዚህኛው በር ያልፋል።

ሦስተኛው፣ ተማሪው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ብቻ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ ሙሉውን የሚያገኝ ከሆነ ነው። ሙሉው ፔል በ2025–26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነበር።

ከሦስቱ በአንዱ ካለፋችሁ ለፋፍሳ ሲባል ስለ አካውንት ብዙ መጨነቅ አያስፈልጋችሁም። ልጃችሁ የምታመለክትበት ኮሌጅ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የእርዳታ ቅጽ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ታች ያለውን አንብቡ፤ እሱ ሌላ ዓለም ነው።

የሰማችሁት ምክር የየትኛው ዓመት ነው?

ይህን የምለው ሕጉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ነው። እስከ 2023–24 ድረስ ቤተሰብ የሚይዘውና የሚቆጣጠረው፣ ከ100 ያልበለጡ የሙሉ ሰዓት ሠራተኞች ያሉት ቢዝነስ ፋፍሳ ላይ አይጻፍም ነበር። በ2020 መጨረሻ የጸደቀው ቅጹን የሚያቃልል ሕግ ይህን ከለላ አነሳው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2024–25 ነው። ኮሌጆች እርዳታ የሚያሰሉበት፣ ቤተሰቡ ምን ያህል አቅም እንዳለው የሚያሳየው ኢኤፍሲ የሚባለው ቁጥር ቀርቶ በምትኩ ኤስኤአይ የመጣውም ያን ጊዜ ነው። በ2024–25 እና በ2025–26 ሦስት ጠረጴዛ ያላት ቡና ቤት እንኳ ዋጋዋ ተሰልቶ መጻፍ ነበረባት።

ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ከለላውን መለሰው። ከ2026–27 ፋፍሳ ጀምሮ የቤተሰብ አነስተኛ ቢዝነስ እንደገና አይቆጠርም። ቤተሰቡ የሚኖርበት እርሻም እንደዚሁ።

ስለዚህ ለታላቅ ልጃችሁ በ2024 "ቢዝነሱን ጻፉ" ተብላችሁ ከሆነ ያኔ የተነገራችሁ ልክ ነበር። ለታናሽየው ግን አይሠራም። ዩቲዩብ ላይ ያለ ቪዲዮ ሁሉ ቀኑን እያያችሁ ነው መስማት ያለባችሁ።

አሁን ወደ 30,000ው

የግል አካውንቱን እናስቀድም። ኤልኤልሲ የሚባለው፣ በሕግ ከባለቤቱ ተለይቶ የሚቆም ድርጅት ሳይኖራችሁ በራሳችሁ ስምና በሶሻል ሴኩሪቲያችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ የሥራው ገቢ ብዙውን ጊዜ የሚገባው የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ቼኪንግ ውስጥ ነው። የሥራው ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ አንድ ላይ ተደባልቋል። "ከዚህ ውስጥ 12,000ው ለመኪና ጥገና ያስቀመጥኩት ነው" ማለት ትችላላችሁ፣ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ግን በምን ታሳያላችሁ? ምክሬ ሙሉውን ጻፉት የሚል ነው። የሚጻፈው ጥሬ ገንዘብ፣ ሴቪንግና ቼኪንግ የሚለው ቦታ ላይ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። ከወላጅ ሀብት 12 በመቶው ይወሰዳል። ያ ከገቢያችሁ ከሚተርፈው ጋር ይደመርና እንደ መጠኑ ከ22 እስከ 47 በመቶው ኤስኤአይ ውስጥ ይገባል። 30,000 ዶላር በመጀመሪያ 3,600 ይሆናል። ከዚያ የልጃችሁን ኤስኤአይ ከ792 እስከ 1,692 ዶላር ከፍ ያደርገዋል። ኤስኤአይ ከፍ ሲል እርዳታው ዝቅ ይላል። ፋፍሳ ደግሞ በየዓመቱ የሚሞላ ነው፤ ገንዘቡ እዚያው ከቆየ በሚቀጥለውም ዓመት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ምርጫ ለቢዝነሱ ብቻ የተከፈተ አካውንት ነው። ይህ ገንዘብ የቢዝነሱ አካል ነው፤ እንደ ዕቃው፣ እንደ ማሽኑ፣ እንደ ትራኩ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ላይ አይጻፍም። በ2026–27 ቢዝነሱ የቤተሰብ ከሆነና 100 ሠራተኛ ካላለፈ ቢዝነስ ላይም አይጻፍም። ውጤቱ ዜሮ ነው። ከለላ ባልነበረባቸው በሁለቱ ዓመታት እንኳ የቢዝነስ የተጣራ ዋጋ ሙሉ በሙሉ አይቆጠርም ነበር፤ የመጀመሪያው እርከን ላይ ከአንድ ዶላር 40 ሳንቲሙ ብቻ ነበር የሚገባው። 30,000ው 12,000 ይሆንና ኤስኤአይን የሚጨምረው ከ317 እስከ 677 ዶላር ነበር። ያኔም ቢሆን ከግል አካውንት ከግማሽ በታች ነው።

አንዲት የማውቃት እህት ቤቷ ውስጥ ዴይኬር አላት። ለሥራው የተለየ አካውንት ከፍታለች፣ ንጹሕ አድርጋ ትይዘዋለች። ግን ፋፍሳውን ስትሞላ ፈራችና ውስጡ የነበረውን ገንዘብ ጥሬ ገንዘብ ላይም ቢዝነስ ላይም ጻፈችው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳየው አዘንኩ፤ ሁሉን በሥርዓት የያዘች ሴት ናት፣ የጎዳት ቅጹን አለማወቋ ብቻ ነው። በማግሥቱ ገብተን አረምነው።

ሦስተኛው የልጁ ስም ነው። ከተማሪ ሀብት 20 በመቶው ነው የሚወሰደው። 30,000ው 6,000 ዶላር ያስጨምራል። ወላጅ በፍቅር ያደረገው ነገር እርዳታውን ይዞበት ይሄዳል። ልጁ በክረምት ሠርቶ ያገኘው የራሱ ገንዘብ ከሆነ የግድ የሱ ነው፣ ይጻፋል። የእናንተን ቁጠባ ግን በእሱ ስም አታስቀምጡ።

የኔ ፍርድ ግልጽ ነው። የተለየ የቢዝነስ አካውንት ከፋፍሳ ውጭም ቢሆን ያዋጣል። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ያዋጣል፣ ለኦዲት ያዋጣል፣ በወሩ መጨረሻ ምን እንዳተረፋችሁ ለማወቅም ያዋጣል።

ኤልኤልሲ ማውጣት አለብኝ ወይ?

ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የቀረበት ዓመት የለም። መልሱ ለፋፍሳ ሲባል አያስፈልግም ነው። ፋፍሳ የሚለየው በኤልኤልሲና ኤልኤልሲ ባልሆነ መካከል አይደለም። የሚያየው ቢዝነስ መኖሩን፣ የማን እንደሆነና ገንዘቡ በእርግጥ የቢዝነሱ መሆኑን ነው። በግለሰብ ስም የሚሠራ ሰውም ኢን የሚባለውን የታክስ መለያ ቁጥር ከአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያወጣል። በነጻ ነው፤ ለዚህ 75 እና 100 ዶላር የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች አሉ፣ አትክፈሉ። ከዚያ የንግድ ስም ያስመዘግባል፣ ባንክ ሄዶ የቢዝነስ ቼኪንግ ይከፍታል። ኤልኤልሲ ደንበኛ ቢከሳችሁ ቤታችሁን ለመጠበቅ የሚጠቅም ነገር ነው። ለዚያ ከፈለጋችሁት አውጡት።

በተቃራኒው ደግሞ ኤልኤልሲ ኖሯቸው ከኤልኤልሲው ካርድ ሥጋና ሽንኩርት የሚገዙ አሉ። ወረቀቱ ላይ ቢዝነስ ነው፣ አጠቃቀሙ ላይ የቤት ቦርሳ ነው። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጥያቄ ቢያነሳ ስቴትመንቱ ራሱ ይመሰክርባችኋል። ለራሳችሁ ስትወስዱ በግልጽ ወደ ግል አካውንት አስተላልፉ። አንዴ ከተላለፈ የግል ገንዘብ ነው፣ በዚያ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። በወር 3,000 ዶላር ወጪ ያለው የጽዳት ሥራ አካውንት ውስጥ 80,000 ዶላር ተቀምጦ ከተገኘ "ይህ ለምን ሥራ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ኮሌጁ እርስ በርሱ የማይገናኝ መረጃ ካየ የማጣራት ግዴታ አለበት። ሁለተኛ ትራክ ልትገዙበት ከሆነ፣ ሱቅ ልትከፍቱበት ከሆነ መልስ አላችሁ። ፋፍሳ ሊፈረም ሦስት ቀን ሲቀረው ከግል ሴቪንግ የተላለፈ ከሆነ ግን መልስ የላችሁም። ቅጹ ላይ እንደተጻፈው ሆን ብሎ የተሳሳተ መረጃ መስጠት እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስራት ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ከቅጣቱ በላይ ደግሞ የልጃችሁ ስም ነው እዚያ ላይ ያለው።

ሸሪክ ካለ ነገሩ ይቀየራል

ከለላው የሚሠራው ቢዝነሱን ቤተሰብ ሲይዘውና ሲቆጣጠረው ነው። በድሮው መመሪያ ይህ ከግማሽ በላይ ድርሻ ማለት ነበር። እዚህ የኛ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት፤ ምክንያቱም ስንት ምግብ ቤት፣ ስንት የሊሞ ድርጅት ነው ሦስት ወይም አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው የከፈቱት! እያንዳንዱ 33 በመቶ ድርሻ ያለው ከሆነ የማንም ቤተሰብ አልተቆጣጠረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ዋጋ ቢዝነስ በሚለው ቦታ ላይ ይጽፋል፤ አካውንቱ ውስጥ ካለው ገንዘብም ድርሻውን ጨምሮ። ሸሪኮቹ ወንድማማቾች ከሆኑ ወይም በጋብቻ የተዛመዱ ከሆኑ ግን ሌላ ነው፤ በዚያው መመሪያ ቤተሰብ ማለት አንድ ቤት የሚኖሩት ብቻ አልነበረም፣ በደምና በጋብቻ የተዛመዱትንም ይጨምር ነበር።

ዋጋው እንዴት ይሰላል? ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ፣ ሲቀነስ ቢዝነሱ ማስያዣ የሆነበት ዕዳ። ምግብ ቤት ከሆነ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ጠረጴዛው፣ ጎተራ ያለው ዕቃና አካውንቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው። ትራክ ከሆነ፣ 70,000 የሚያወጣ ትራክ ላይ 52,000 ዕዳ ካለ 18,000 ብቻ ነው። የግል ክሬዲት ካርድ ዕዳ አይቀነስም። ከወንድም የተበደራችሁትም፣ ቢዝነሱ በማስያዣነት ካልተያዘበት አይቀነስም። ይህ ሰውን ያናድዳል፣ ይገባኛል፤ 40,000 ዕዳ ያለበት ሰው ባለ 15,000 ዶላር ሀብት ተብሎ ሲጻፍ ማለት ነው።

የሚከራይ ቤትን ቢዝነስ ነው ብላችሁ አትለፉት። ቤቱ በኤልኤልሲ ስም ቢሆንም እንኳ በተለምዶ ኢንቨስትመንት ነው የሚባለው፤ እንደ ሆቴል የጽዳትና የአንሶላ አገልግሎት የሚሰጥ እውቅና ያለው ቢዝነስ ካልሆነ በቀር። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምም ከምትኖሩበት ቤት ውጭ ያለ ንብረት ስለሆነ ኢንቨስትመንት ላይ ይጻፋል፣ ዋጋው ወደ ዶላር ተቀይሮ። የምትኖሩበት ቤት ፋፍሳ ላይ አይጻፍም።

የምትፈርሙበት ቀን

ፋፍሳ ገቢን ከሁለት ዓመት በፊት ካለው ታክስ ይወስዳል። ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ሀብትን ግን የሚያየው ቅጹን በምትፈርሙበት ቀን እንዳለ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ባንካችሁ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው የሚጻፈው። ባለ ቢዝነስ ሰው "ያ ትርፍ በ2024 ገቢዬ ላይ ተቆጥሯል፣ ዛሬ ባንክ ስለተገኘ ደግሞ እንዴት እንደገና?" ይላል። አዎ፣ በግል አካውንት ያስቀመጠው ሰው ላይ ሁለቱም ይቆጠራሉ።

ስለዚህ ቀኑን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በራሱ የሚሠራ ሰው ለሦስተኛው ሩብ ዓመት የሚከፍለው የታክስ ቅድሚያ ክፍያ ቀኑ ሴፕቴምበር 15 ነው። ፋፍሳ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የመጀመሪያ ልጄን ፋፍሳ ስፈርም የሴፕቴምበሩን ክፍያ ገና አልከፈልኩም ነበር። ለአይአርኤስ ያስቀመጥኩት 4,200 ዶላር ሴቪንግ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሀብቴ ተቆጠረ። በሁለተኛው ልጄ ጊዜ መጀመሪያ ታክሱን ከፈልኩ፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ ከፈልኩ፣ ከዚያ ፈረምኩ። መክፈል ያለባችሁን በጊዜው መክፈል ትክክል ነው። የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ወይም ገንዘቡን ለዘመድ አስቀምጥልኝ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አታድርጉት።

እቁብ ደርሷችሁ ገንዘቡ በግል አካውንታችሁ ከገባ ያው የዚያ ቀን ጥሬ ገንዘብ ነው። የሚውልበት ነገር አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሱቁ ዕቃ ማምጫ፣ ከመፈረማችሁ በፊት በእርግጥ ለዚያው አውሉት። ግን ቀን ለማስተካከል ብላችሁ እስከ ፌብሩዋሪ አትጠብቁ። በሜሪላንድ የስቴቱ እርዳታ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ማርች 1 ነው፤ ኮሌጆች ደግሞ የራሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ቀን አላቸው። 500 ዶላር ለማዳን ተብሎ የሺዎች ግራንት ሊያመልጥ ይችላል።

ፋፍሳና ሲኤስኤስ ፕሮፋይል

እዚህ ላይ ያለውን ልዩነት ካላወቃችሁ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ወይም ሞንጎመሪ ኮሌጅ ለሚያመለክት ልጅ ፋፍሳ ይበቃል። ጆርጅታውን፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ወይም ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ ከሆነ ግን ሲኤስኤስ ፕሮፋይልም ይጠይቃሉ። ይህን የሚያዘጋጀው ኤስኤቲን የሚሰጠው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ ኤጂአያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች ነጻ ነው።

ሲኤስኤስ የ100 ሠራተኛ ከለላ የለውም። ቢዝነሳችሁ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ዋጋውን፣ ዕዳውን፣ አካውንቱን ይጠይቃል። አንዳንድ ኮሌጆች ለቢዝነስ የተለየ ተጨማሪ ቅጽ ያስሞላሉ፣ የቢዝነሱን ታክስ፣ የእያንዳንዱን ባለድርሻ ገቢ ከሚያሳየው ኬ 1 ከሚባል ቅጽ ጋር ይፈልጋሉ። የምትኖሩበትን ቤት ዋጋም ይጠይቃሉ።

ትልቁ ልዩነት ግን የዕቃ እርጅና ተብሎ ከታክስ የሚቀነሰው ላይ ነው። ትራክ የገዛ ሰው ታክስ ሲሠራ 40,000 ዶላር ቀነሰ እንበል። ፋፍሳ ኤጂአዩን እንዳለ ስለሚወስድ ገቢው ዝቅ ብሎ ይታያል። ሲኤስኤስ የሚጠቀሙ ብዙ ኮሌጆች ግን "ይህ ከኪስ የወጣ ገንዘብ አይደለም" ይሉና መልሰው ይደምሩታል። አንድ ቤተሰብ ለፋፍሳ ደኻ፣ ለሲኤስኤስ መካከለኛ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። ታዲያ የትኛው ይሻላል? እነዚህ ውድ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ ከራሳቸው ገንዘብ የሚሰጡት እርዳታም ትልቅ ነው፤ ቅጹ ረዘመ ብላችሁ አትሽሹ። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ቀድማችሁ ሞክሩት፣ ቢዝነስ ላለው ሰው ግን ቁጥሩ ሊሳሳት እንደሚችል እያወቃችሁ። ከዚያ ቢሮውን ደውላችሁ ወይም ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ። "የአባቷ ቢዝነስ አካውንት ይህን ያህል አለው፣ የት ልጻፈው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

ቀድማችሁ ሞልታችሁ ከሆነ

አትደንግጡ። የቢዝነሱን አካውንት ሁለት ጊዜ ጽፋችሁ ከሆነ ወይም በ2026–27 ላይ መጻፍ የሌለበትን ቢዝነስ ጽፋችሁ ከሆነ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ማረም ትችላላችሁ። ያላችሁትን ሳትጽፉ ያለፋችሁም እንደዚሁ አርሙ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚታረመው በፈረማችሁበት ቀን የነበረው ቁጥር ስህተት ከሆነ ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ገንዘቡ ስለቀነሰ ወይም ስለጨመረ ቁጥሩ አይቀየርም።

በ2024 ጥሩ ሠርታችሁ አሁን ሥራው ከወደቀ፣ መኪናው ከተጋጨ፣ አንዳችሁ ከታመማችሁ ደግሞ ፋፍሳው ይህን አያውቅም። ኮሌጁ ውስጥ ያለው የፋይናንሻል ኤይድ ሠራተኛ ግን በየቤተሰቡ ሁኔታ ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ደብዳቤ ጻፉ። የዘንድሮን የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ፣ የቢዝነስ አካውንቱን የሦስት ወር ስቴትመንት፣ የጥገናውን ወይም የሐኪሙን ደረሰኝ አያይዙ። የተለየ አካውንት ያለው ሰው ይህን በአንድ ምሽት ያዘጋጃል።